ማራገቢያውን ከመቀየር በፊት፦ ስለ ጎንደር ሕንጻዎች አየር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የጎንደር የሆቴልና የንግድ ሕንጻ ባለቤቶች ሲቀባበሉት የሰነበቱት፣ ስለ ሕንጻ አየር ዝውውር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በሆቴሎቻችን፣ በገበያ ማዕከሎቻችንና በክሊኒኮቻችን የሚታየው የአየር መታፈን፣ ወደ ምግብ አዳራሽ የሚገባው የወጥ ቤት ጭስ፣ ኮሪደር ላይ የሚቀበለን የመጸዳጃ ቤት ሽታ ሁሉ የደካማ ማራገቢያ ውጤት ነው፤ መፍትሔውም ጉልበታም ማራገቢያ መግጠም ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ለባለቤቶች ምክሮችን ዘርዝረዋል።

ጉዳዩን ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ከተማዋ በጥምቀት እንግዶች በምትሞላበት ሰሞን በብዙ አዳራሾች ውስጥ ያለው አየር ለሰው የሚመጥን አይደለም፤ ይህንን በግልጽ የተናገረ ሰው ብዙም አልነበረም። ችግሩ ሳይመረመር መድኃኒት መታዘዙ ነው። የአየር ማስተላለፊያ መትከልና መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ፣ ከምክሮቹ የትኞቹ ገንዘብ በከንቱ እንደሚያስወጡ፣ የትኛው ደግሞ ሕይወትን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ሳላሳይ ማለፍ አልፈለግሁም። በየነጥቡ እመልሳለሁ።

«አየር ካነሰ ተለቅ ያለ ማራገቢያ ግጠሙ»

ማራገቢያ ምን ያህል አየር እንደሚሰጥ የሚወሰነው ከተገጠመበት ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) ጋር ተደምሮ ነው። መንገዱ ከጠበበ ወይም ከተዘጋ ጉልበቱ ጫጫታና ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚያው ዳክት የሚያልፈውን አየር በ20 በመቶ ማሳደግ ብንፈልግ ግፊቱ በ44 በመቶ፣ ሞተሩ የሚወስደው ኃይል ደግሞ በ73 በመቶ ማደግ አለበት። እጥፍ አየር ከፈለግን ስምንት እጥፍ ኃይል እንከፍላለን። ይህ የማራገቢያ ሕግ ነው፤ ውድ ማርክ በመግዛት አይታለፍም።

ስለዚህ ግዢ ከመታሰቡ በፊት የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ቺንጋው (ከሞተሩ ወደ ማራገቢያው ዙረት የሚያስተላልፈው ቀበቶ) ላልቶ ፑሌጃው (ቀበቶው የሚዞርበት ጎማ) ላይ ይንሸራተት ይሆናል። የማራገቢያው ቢላዎች በአቧራና በስብ ተሞልተው ይሆናል። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ተጣጣፊ ዳክት የኤሌክትሪክ ገመድ ሲዘረጋ የነበረ ሠራተኛ ረግጦ ጨፍልቆት ይሆናል። ግንባታው ሲጠናቀቅ መከፈት የነበረበት የአየር መቆጣጠሪያ ክዳን እንደተዘጋ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም የላሜራው መጋጠሚያ ተላቅቆ አየሩ ማንም በማይቀመጥበት በኮርኒሱ ውስጥ ይፈስሳል። እነዚህን ለማግኘት መሰላልና የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ከሁሉም የሚያታልለው ግን የሞተሩ አዟዟር ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሕንጻ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አየር ጠፋ ተብሎ ተጠርቼ ስሄድ፣ ባለቤቱ ለአዲስ ማራገቢያ ፕሮፎርማ ሰብስበው ጨርሰዋል። የነበረው ማራገቢያ ይዞራል፤ ይጮኻል፤ ከኮርኒሱ ቀዳዳም አየር ይወጣል። የሚወጣው አየር ግን የወረቀት ጫፍ እንኳ በቅጡ አያነሣም። ሽፋኑን ከፍተን፣ ሞተሩን አብርተን ወዲያው ስናጠፋው መንኮራኩሩ ቀስ እያለ ሲቆም አየነው፤ የሚዞረው ቆርቆሮው ላይ ከተሳለው ቀስት በተቃራኒ ነበር። ሴንትሪፉጋል የምንለው ባለ መንኮራኩር ማራገቢያ ተገልብጦ ሲዞርም አየሩን የሚገፋው ወደዚያው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው፤ መጠኑን ግን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ማንም ሳይጠረጥር ወራት የሚያልፉት ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ብሬከር ሲቀየር ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያመጡት ሦስቱ የፌዝ ሽቦዎች ቦታቸው ተለዋውጦ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብናቀያይራቸው አዳራሹ ነፍስ ዘራ። ፕሮፎርማዎቹም ሳያስፈልጉ ቀሩ።

እኛ ዘንድ ይህ ችግር ሌላ መልክም አለው። የጄኔሬተሩ የፌዝ ቅደም ተከተል ከመስመሩ ጋር ሳይመሳከር ከተገናኘ፣ ማራገቢያው መብራት ሲኖር በትክክል ይዞራል፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ ተገልብጦ ይዞራል። «ጄኔሬተሩ አቅም የለውም፤ እሱ ሲነሣ አየሩ ይደክማል» የሚል አቤቱታ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። የሞተሩን የስም ሰሌዳ ማንበብም አይዘነጋ፦ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ማራገቢያ በእኛ የ50 ኸርዝ መስመር ላይ የሚዞረው ከተሠራለት ፍጥነት ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ነው።

«የካታሎጉ ቁጥር የትም ቦታ ያው ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ የቀረው ግማሽ ግን ደኅና ማራገቢያ ያስጥላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ጠለል 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ የሚመዝነው ወደ 0.93 ኪሎ ግራም ነው። ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው በሜትር ኩብ ስለሆነ፣ በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ የሚሰጥ እዚህም በዚያው ዳክት 3,000 ይሰጣል፤ እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግፊቱ ግን ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ ይወርዳል። ካታሎጉ 250 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ማራገቢያ ጎንደር ላይ ሲለካ 195 ገደማ ያሳያል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ከሚገባው በታች ነው፤ ደክሟል» ብሎ ይፈርድበታል፤ ማራገቢያው ግን ምንም አልሆነም።

መለኪያዎቹም በዚሁ ያሳስታሉ። የአየርን ፍጥነት ከግፊት ተነሥቶ የሚያሰላ መሣሪያ የባሕር ጠለል ቁጥር ተሞልቶበት ከመጣ፣ የሚያሳየው ከእውነተኛው 12 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። በጋለ ሽቦ የሚለካው ደግሞ ካልተስተካከለ ከ20 በመቶ በላይ ያንሳል። ሁለት ባለሙያዎች በሁለት መሣሪያ ለክተው የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው። ሌላው ከፍታው የሚያመጣው ጉዳይ ሙቀት ነው። ቀላል አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ የወጥ ቤት ሙቀት ለማውጣት በሜትር ኩብ ሲታሰብ የበለጠ አየር ያስፈልጋል። ሞተሮችም በመደበኛነት የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዣ አየራቸው ስለሚሳሳ እስከ ጫፍ ሊጫኑ አይገባም። ተለቅ ያለ ማራገቢያ የገጠመ ሰው ሞተሩ ሲቃጠልበት ምክንያቱን እዚህም ይፈልግ።

«ጭስ ወደ አዳራሹ ከገባ የወጥ ቤቱን መሳቢያ አጠንክሩ»

ብዙ ሰው የሚያምነው ምክር ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም በዚሁ ነው።

10 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ወጥ ቤት 180 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ከምድጃው በላይ በሰዓት 4,000 ሜትር ኩብ የሚያወጣ መሳቢያ አለ እንበል። ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የክፍሉን አየር ያህል አውጥቶ ይጨርሳል ማለት ነው። የሚተካው አየር ከየት ይመጣል? መግቢያ ካልተዘጋጀለት በበር ሥር እያፏጨ ይመጣል፤ ውኃው በደረቀ የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ በሌላ ጭስ ማውጫ በኩል ተገልብጦ ይመጣል። ያም ካልበቃ መሳቢያው በወረቀት 4,000 ሆኖ በተግባር ግማሹን እንኳ ላያወጣ ይችላል። ያላወጣው ጭስ ከመሳቢያው ጠርዝ እየፈሰሰ ወጥ ቤቱን ይሞላል። አዳራሹ የራሱ ማውጫ ወይም ጠንካራ የመጸዳጃ ቤት መሳቢያ ካለው ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች አየር መሻማት ይጀምራሉ፤ አዳራሹ ባሸነፈ ጊዜ የበርበሬው ቁሌት ከነጭሱ እንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ላይ መሳቢያውን ማጠንከር ሽሚያውን ማባባስ ነው።

ምልክቱን ለማየት መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። አስተናጋጇ ትሪ ይዛ የወጥ ቤቱን በር ልትከፍት ስትታገል ተመልከቱ። በበሩ ሁለት ገጾች መካከል 50 ፓስካል ልዩነት ካለ፣ 1.9 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው በር ላይ የሚያርፈው ኃይል 95 ኒውተን ነው፤ እጀታው ላይ አምስት ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ የማንሣት ያህል ይሰማል። ከዚያ ወደ ውጭ የሚወስደውን የወጥ ቤቱን መስኮት ወይም የጓሮ በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ጭሱ ወዲያው ወደ መሳቢያው ከተሰበሰበና የውስጡ በር ከቀለለ ማራገቢያው ጤነኛ ነው፤ ያጣው የሚገባ አየር ነው። መስኮቱ ተከፍቶም ምንም ካልተለወጠ፣ ያን ጊዜ ወደ ቺንጋው፣ ወደ ስብ ፊልተሩና ወደ ሞተሩ አዟዟር መሄድ ይቻላል። ይህች አንዲት ፈተና ሳትደረግ የተቀየረ ማራገቢያ ብዙ አይቻለሁ፤ ያስቆጨኛል።

የአየሩን አቅጣጫ ለማወቅ የዕጣን ማጨሻ ይበቃል። ጥቂት ዕጣን አጭሳችሁ በተዘጋው በር ሥር፣ ክፍተቱ አጠገብ ያዙት። ጭሱ ከአዳራሹ ወደ ወጥ ቤቱ ከተሳበ አሠራሩ ትክክል ነው፤ ወደ አዳራሹ ከጎነበሰ ሽታውም መንገዱ ያው ነው። በመጸዳጃ ቤት በርና በፎቅ ደረጃ አፍ ላይም እንዲሁ ሞክሩት። የሕንጻውን የአየር ጉዞ ካርታ በአንድ ከሰዓት መሣል ይቻላል።

መፍትሔው ለሚወጣው አየር ተተኪ ማዘጋጀት ነው። በተለመደው አሠራር ከሚወጣው ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው በራሱ መግቢያ ከውጭ ይመጣል፤ የቀረው ከአዳራሹ ወደ ወጥ ቤቱ እንዲሳብ ይተዋል። የሚገባው አየር ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ በሰፊ ቀዳዳ፣ በዝግታ መለቀቅ አለበት፤ በጠባብ ቀዳዳ እየተወረወረ ከመጣ ጭሱን ከመሳቢያው ሥር ነጥቆ ይበትነዋል። የመግቢያው አፍ ደግሞ ከጭስ ማውጫውና ከጄኔሬተሩ የራቀ ይሁን።

«በበጋ ፊልተሩን አውጡት፤ መለኪያ መግዛትም ትርፍ ወጪ ነው»

ፊልተር ሲወጣ አየር እንደሚጨምር አልክድም። ነገር ግን የጎንደር በጋ አቧራ ብዙም ሳይቆይ የማቀዝቀዣውን ክንፎችና የማራገቢያውን ቢላዎች ይደፍናቸዋል፤ እነሱን ማጽዳት ደግሞ ፊልተር ከመቀየር አሥር እጥፍ ይከብዳል። በዚያ ላይ ቢላዎቹ ወደፊት የታጠፉ ማራገቢያ ከሆነ፣ መንገዱ ሲቀለው ብዙ አየር ስለሚያነሣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ከረንት ይስባል። የወጥ ቤት ስብ ፊልተር ማውጣት ግን ፈጽሞ አይታሰብ፤ ስቡ በዳክቱ ውስጥ ይጋገርና አንድ ቀን ከምድጃው የተነሣ ነበልባል ጣሪያ ድረስ ይከተለዋል።

ፊልተሩ መቼ እንደሚቀየር የሚናገረው ግፊት ነው፤ ግፊትን ለመለካት ደግሞ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ሁለት ሜትር የሚሆን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ከዕቃ ቤት ግዙ። መሐሉን አጥፋችሁ ሁለቱን እግሮቹን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አቁማችሁ እሰሩ፤ ቀለም የተጨመረበት ውኃ እስከ ግማሹ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ ከፊልተሩ በፊት፣ ሌላውን ከፊልተሩ በኋላ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አስገቡ። በሁለቱ እግሮች ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 10 ፓስካል ያህል ነው። ንጹሕ ተራ ፊልተር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያሳያል፤ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። በክፍሎች መካከል እንዳለው ያለ ጥቂት ፓስካል ለመለካት ሰሌዳውን በአሥር እጅ አንድ ብቻ ከፍ እስኪል አጋድሙት፤ አንዷ ሚሊ ሜትር አሥር ሆና ትነበባለች። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የከፍታ ስሕተት ይህን መሣሪያ አይነካውም፤ ውኃ ጎንደርም ሆነ ምጽዋ ክብደቱ ያው ነው።

«ደጋ ላይ ነን፤ መስኮት ይበቃናል። የፋሲል ግንብ ያለ ማራገቢያ ኖሯል»

መስኮት ባለበት መስኮትን የሚያህል ነገር የለም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማቸውን የቆረቆሩበት ግቢ ግን ለዛሬው የንግድ ሕንጻ ምስክር ሊሆን አይችልም። በዚያ ግንብ ውስጥ ለስምንት ሰዓት የታጨቀ ባንክ፣ መስኮት የሌለው የምድር ቤት መጋዘን፣ በመስታወት የታሸገ ግንባር አልነበረም።

መስኮት የሚሠራው በነፋስና በሙቀት ልዩነት ነው። በቀዝቃዛ ምሽት ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ የሚሞቅ፣ 12 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንጻ በሙቀት ብቻ የሚያገኘው ግፊት 4 ፓስካል እንኳ አይሞላም። ይህ አየርን በፊልተርና በዳክት ለመግፋት ከንቱ ነው። በተከፈተ የፎቅ ደረጃ በኩል ለመውጣት ግን ይበቃዋል። ምድር ቤት ያለው ምግብ ቤት ሽታ ማታ ማታ አራተኛ ፎቅ መኝታ ክፍል የሚደርሰው በዚህ ነው። የደረጃውን በር ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ከማንኛውም ማራገቢያ ይሻላል።

«አቧራ እንዳይገባ ክፍሎች ሁሉ አየር ወደ ውጭ የሚገፉ ይሁኑ»

ለአዳራሽ፣ ለመኝታ ክፍልና ለሱቅ ይህ ምክር ትክክል ነው። ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወጥ ቤትና ለዕቃ ማጠቢያ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እነዚህ ወደ ውስጥ መሳብ አለባቸው።

ጸሐፊው ክሊኒኮችንም ስለጨመሩ ዝም ብዬ አላልፍም። የሳንባ ነቀርሳ የሚጠረጠር ሕመምተኛ የሚተኛበት ማግለያ ክፍል ከኮሪደሩ ቢያንስ በ2.5 ፓስካል ዝቅ ያለ ግፊት እንዲኖረው፣ አዲስ ሲሠራም በሰዓት 12 ጊዜ አየሩ እንዲለወጥ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይጠይቃሉ። የሚወጣው አየርም በቀጥታ ወደ ውጭ፣ ከሰውና ከመስኮት ርቆ ይለቀቃል። እንዲህ ያለውን ክፍል ወደ ውጭ እንዲገፋ ማድረግ በሽታውን ለነርሷና ለአስታማሚው መላክ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞባት ለመላው ሀገሪቱ የጤና ባለሙያ ስታፈራ የኖረች ከተማ ውስጥ ይህ ምክር ሳይታረም መዞር የለበትም።

«ማታ ወጪ ለመቆጠብ አስገቢውን አጥፍታችሁ አውጪውን ብቻ ተዉት»

ከጽሑፉ ውስጥ በአስቸኳይ እንዲወጣ የምለምነው ይህን ነው። አየር አስገቢው ማራገቢያ ጠፍቶ አየር አውጪው ሲሠራ ሕንጻው በሙሉ አየር የተጠማ ይሆናል፤ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይስባል። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ የሚነሣው በዚያው ሰዓት ነው። ጭስ ማውጫው ምድር ቤት መግቢያ ወይም ጓሮ መስኮት አጠገብ ከሆነ፣ ሕንጻው ካርቦን ሞኖክሳይድን ስቦ እንግዳው ወደተኛበት ያደርሳል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ የተኛውን ሰው አያነቃም። ለቡና ተቀጣጥሎ አዳራሽ ጥግ የቀረ የከሰል ምድጃም ያንኑ ጋዝ ያመነጫል፤ አየር ሲያንሰው ደግሞ ይብሳል፤ ያ ጋዝ ደግሞ ከሰዉ ጋር በተዘጋው ክፍል ውስጥ ይቀራል።

ሁለቱ ማራገቢያዎች አብረው እንዲነሡና አብረው እንዲጠፉ በአንድ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ማያያዝ ለማንኛውም ኤሌክትሪሻን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኃይል መቆጠብ ካስፈለገ ሁለቱም እኩል ፍጥነታቸው ይቀነስ፤ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የኃይል ፍጆታው በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ የሕንጻው ሚዛንም አይዛባም። የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ከጣሪያ በላይ ይውጣ፤ ምድር ቤትና መኝታ ኮሪደር ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል። ጸሐፊው ሌላውን ነጥብ ሁሉ ባይቀበሉኝ እንኳ ይህን አንቀጽ ዛሬውኑ እንዲያነሡት፣ ምክሩን ተከትለው አስገቢውን የሚያጠፉ ባለቤቶች ካሉም ከዚህ ማታ ጀምሮ እንዲያበሩት እጠይቃለሁ።